አምስት ዙር ወዲህ፣ አምስት ዙር ወዲያ

የእትዬ ፖስታ እህት ልጅ ያን ሰኞ ከሥራ በጊዜ ባትወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

በሩን ከፍታ ስትገባ እትዬ ፖስታ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ወንበር ስበው፣ መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ፊት ተቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያዎቹ የልጅቷ ናቸው፤ ከኮምፒውተሯ ጋር አያይዛ ዘፈን ታዳምጥባቸዋለች። አሁን ግን ከመብራት መሰኪያው በቀር ከምንም ጋር አልተያያዙም። ከውስጣቸው የሚወጣው ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ደረቅ ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ጸጥ ይላል። አክስቷ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አቀርቅረዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ልጅቷ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ ሮጣ አቀፈቻቸው። እትዬ ፖስታ ደንግጠው ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። የሳቅ እንባ ነበር። ግን የሳቅም የለቅሶም እንባ መልኩ አንድ ነው፤ ልጅቷም ቀና ከማለታቸው በፊት ፈርዳ ጨርሳለች።

«ይሄ ጠቅጠቅታ ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለች። «እኔ ሥራ ስውል ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ከዚህ ጋር? ምነው አክስቴ፣ አንድ ቀን እንኳ አትናገሪም?»

እትዬ ፖስታ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ዝም አይነቅዝም ሲባል የሰሙ ሰው ናቸውና መልሰው ዘጉት። ከዚያ ረዘም ያለ ትንፋሽ ለቀቁና «ምን ይደረግ ብለሽ ነው» አሉ።

ያቺ ትንፋሽ ናት ጉድ የሠራቻቸው። ልጅቷ በመብራት ቆጣሪ መፈተሻ ክፍል የምትሠራ መሐንዲስ ናት። ድምፅዋ አይሰማም፣ ሰው ፊት ቀና ብላ አታወራም፣ ግን አንድ ነገር ከያዘች እንደ መዥገር ናት። ድምፅ ማጉያዎቹን ነቀለች፣ ሰካች፣ ሌላ መሰኪያ ላይ አዛወረች፣ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠችና ከላይ ፎቅ ከሚኖሩት ሰዓት ሠሪ ሬድዮ የሚመጣ መሆኑን ነገረቻቸው። «አይዞሽ» አለች፣ «እኔ አጠፋልሻለሁ።»

እትዬ ፖስታ «እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕንጻው ውስጥ ሁሉም «እትዬ ፖስታ» የሚላቸው ከፖስታ ቤት በጡረታ መውጣታቸውን ስለሚያውቅ ነው። ሰው ሁሉ ቴምብር ሲለጥፉ የኖሩ ይመስለዋል፤ የእህታቸው ልጅም ጭምር። እሳቸውም ተሳስታችኋል ብለው አያውቁም። እውነቱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡት ከኋላ በነበረችው ክፍል፣ ከቴሌግራፍ መሣሪያው ፊት ነው። ከሩቅ የሚመጣውን ጠቅጠቅታ እየሰሙ፣ አጭሩን ከረጅሙ እየለዩ፣ ፊደል አድርገው ይጽፉት ነበር። የስንቱ ልደት፣ የስንቱ ሞት፣ የስንቱ «ዕቃው ደርሷል» በዚያች ጆሮ አልፏል። ክፍሏ ስትዘጋ እሳቸውን ወደ ጥቅል መመዝገቢያ አዛወሯቸው፤ ጆሯቸው ግን ሥራ ፈትቶ ቀረ።

ከእህታቸው ልጅ ጋር ሊኖሩ ወደ አራተኛው ፎቅ በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ልክ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ እነዚያ ድምፅ ማጉያዎች ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመሩ። አይጥ መሰላቸው። መጥረጊያ አንስተው ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቆሙ። አይጥ ፊደል አይቆጥርም። ጠቅጠቅታው እንዲህ ይል ነበር፦ ዛሬም ጉልበቴን አሞኛል። ከታች አዲስ ጎረቤት ገብታለች። ፊቷ የተዘጋ መስኮት ይመስላል።

እትዬ ፖስታ መጥረጊያውን አስቀምጠው ወንበር ሳቡ።

በአምስተኛው ፎቅ የሚኖሩት ሰዓት ሠሪ የአማተር ሬድዮ ፈቃድ አላቸው። ጣሪያው ላይ ምሰሶ ተክለው፣ ከምሰሶው ወዲያና ወዲህ ሽቦ ዘርግተው፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከባሕር ማዶ ካለ አንድ ጡረታ የወጣ የመርከብ ወጥ ሠሪ ጋር በነጥብና በሰረዝ ያወራሉ። ተያይተው አያውቁም። ድምፅ ማጉያዎቹ የሚያሰሙት ሰዓት ሠሪውን ብቻ ነው፤ የወጥ ሠሪው መልስ እስከ አራተኛው ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ በዝምታው መሐል እትዬ ፖስታ በሰውዬው ፈንታ ራሳቸው ይመልሳሉ። ብዙ ጊዜም ከእሱ የተሻለ እንደመለሱ ያምናሉ።

ሥራ ሲቀጠሩ «የሚያልፈው ቃል የአሳላፊው አይደለም» የምትል ወረቀት ፈርመው ነበር። በዚያ ቃል መሠረት ከሰሙት አንዲቷን ለማንም አልተነፈሱም። ያመለጠቻቸው ሾርባ ብቻ ናት። ሰዓት ሠሪው ጉንፋን እንደያዛቸው ለወዳጃቸው በነገሩ ማግስት እትዬ ፖስታ አንድ ሳህን ሾርባ ይዘው ወጡ። አስር ሰዓት ላይ ጠቅጠቅታው «ሾርባዋ ጨው አያውቅም» አለ። በሚቀጥለው ጉንፋን ጨው ጨመሩ። «አሁን ደግሞ ባሕር ነው» አለ። በሦስተኛው ልክ መጣ፤ ያኔ ሰዓት ሠሪው እጃቸው እስኪዝል ላኩ፦ ይህች ሴትዮ ደህና አይደለችም፣ ገና ሳስነጥስ ሳህን ይዛ በሬ ላይ ናት፣ ጨው አነሰ ብዬ ሳስብ ትጨምራለች፣ አስማት ሳታውቅ አትቀርም።

ልጅቷ አክስቷን ሲንቀጠቀጡ ያገኘቻቸው አስማተኛ በተባሉበት ዕለት ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ የመለኪያ ሣጥኗን ይዛ ወደ አምስተኛው ፎቅ ወጣች። እትዬ ፖስታም ሳህኔን ልቀበል ብለው ተከተሏት።

የሰዓት ሠሪው ክፍል ጠባብ ነው። መስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛ አለ፤ በየጠርሙሱ ክዳን ውስጥ ከአሸዋ የማይበልጥ ብሎን፣ አቧራ እንዳይነካቸው ብርጭቆ የተደፋባቸው የሰዓት ሆዶች። ግድግዳው ላይ አሥራ ስድስት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፣ ሁለቱ እንኳ አይስማሙም። ሬድዮው ጥጉ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጣውላ ላይ የታሰረች፣ ነጥብና ሰረዙ የሚመታባት የናስ መምቻ አለች፣ ጫፏ በጣት ብዛት አብረቅርቋል። እትዬ ፖስታ መምቻዋን ሲያዩ እጆቻቸውን ከኋላ አጣመሩ።

ሰዓት ሠሪው የልጅቷን ነገር ሰምተው ሳይጨርሱ ተቆጡ። ይህንኑ ነገር በሦስተኛው ፎቅ ከምትኖረው ጥርስ ሐኪም ሦስት ጊዜ ሰምተዋል። ሐኪሟ የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። የበሯ ደወል በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ያቃጭላል፤ ስትከፍት ሰው የለም። መጀመሪያ የመንደሩን ልጆች ጠርጥራ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ስታሳድዳቸው ሰነበተች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። አንድ ቀን በሩን ከፍታ፣ እጇን በመጥሪያው ላይ ጋርዳ፣ ማንም ሳይነካው ደወሉ ፊት ለፊቷ ሲጮኽ አየች። ከዚያ ወዲህ እሷ «ምሰሶውን ይንቀሉ» ትላለች፣ ሰዓት ሠሪው «ደወልሽን ቀይሪ» ይላሉ።

የኔ ሬድዮ ንጹሕ ነው፣ አሉ ሰዓት ሠሪው፤ እንደ ሰዓት ነው የምጠብቀው። ጥፋቱ በየቤቱ ያለው ርካሽ ዕቃ ነው።

ልጅቷ አልተከራከረችም። ከሣጥኗ መቆንጠጫ የመሰለ መለኪያ አወጣችና ከሬድዮው ጀርባ ወጥቶ ወደ ጣሪያው በሚሄደው ጥቁር ገመድ ላይ ነከሰችበት። ከዚያ መምቻዋን ተጭነው እንዲይዙላት በትሕትና ለመነቻቸው። ሰዓት ሠሪው ተጫኑ። የመለኪያው መርፌ ተወርውሮ ጫፍ ላይ ቆመ። ሲለቁ ወደቀ። ሲጫኑ ተወረወረ። ሰዓት ሠሪው የዓይን ማጉያቸውን ከግንባራቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ቀስ ብለው፣ ባርኔጣ እንደሚያወልቅ ሰው።

«ይህ መርፌ መነቃነቅ አልነበረበትም» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከገመዱ ሳታነሳ። ጣቷን በገመዱ ላይ እያስኬደች አስረዳቻቸው። በመሐሉ ሽቦ ወደ ላይ የሚሄደው ኃይል በሽፋኑ ውስጠኛ ፊት እኩል ይመለሳል። ሁለቱ ከተካከሉ ገመዱ ከውጭ ሲነካ እንደ ሞተ ነው። ላይ፣ ገመዱ ከአንቴናው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግን፣ ከሚመለሰው ጥቂቱ መንገድ ይስትና በሽፋኑ ውጪ በኩል ይወርዳል። በሬድዮው አልፎ የመብራት መስመር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የማን ቤት ደወል እንዳለ አይጠይቅም።

«በበር ገብቶ በመስኮት የሚወጣ እንግዳ» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«እሱ ነው። መስኮቱን እንዘጋለን፣ በሩን አንነካም።»

መዝጊያው ቀላል ነበር። ከሥራ ቦታዋ ከወዳደቁ ዕቃዎች የሰበሰበቻቸው አራት ጥቁር፣ ከባድ ቀለበቶች አሏት። አራቱን አነባብሮ አጭር ገመድ አሥር ጊዜ በመሐላቸው ማዞር፣ ያንን በላስቲክ ሣጥን ከቶ ላይ መገናኛው ላይ መቀጠል። በውስጥ የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ስለሆነ ቀለበቱ አያውቀውም፤ በውጭ ሾልኮ የሚወርደውን ግን አንቆ ይይዘዋል።

ሰዓት ሠሪው እንደ ልጅ ደስ አላቸው። እትዬ ፖስታ ግን ያዩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አስር ሰዓት ላይ ዝም ያሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች። ከደረጃው ሲወርዱ፣ ልጅቷ መቼ ጊዜ አግኝታ እንደምትጠመጥመው ስትጨነቅ፣ «ለኔ ስጪኝ» አሉ። «እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

የራስ ሰው ይታመናል እንግዲህ። ልጅቷ ረቡዕ ጠዋት ቀለበቶቹንና ገመዱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ አሥር ዙር፣ ጠበቅ አድርገሽ፣ ብላ ግንባራቸውን ስማ ወጣች። ወደ የት አቅጣጫ እንደሚዞር አልነገረቻቸውም። ማንም ሰው አንድ ነገር ሲጠመጥም ወደ ጀመረበት ይቀጥላል እንጂ መንገድ ላይ ሐሳቡን አይቀይርም።

እትዬ ፖስታ ግን በቴሌግራፍ ክፍል ውስጥ ከጥገናው ሰውዬ አንድ ነገር ተምረዋል። የተጠመጠመ ሽቦ ጉልበቱ አንድ ወገን በመዞሩ ነው። ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ ካዞሩት አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ ለዓይን ጥምጥም ነው፣ ለሥራ ግን ቀጥ ያለ ሽቦ። ሰውዬው ይህን ያስተማራቸው እንዳይሳሳቱ ነበር።

አምስት ዙር ወዲህ አዞሩ። ገመዱን አጠፉት። አምስት ዙር ወዲያ አዞሩ። ከሠሩት ሁሉ እንደዚህ ያማረ ነገር አልሠሩም፤ ሁለት ጎን እኩል፣ ዙሩ ሁሉ እንደ ተማሪ ተሰልፎ። ከዓይናቸው አርቀው አዩት። ትንሽ አፈሩ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ፤ ለአስር ሩብ ጉዳይ ስለነበር ወንበራቸውን ሳቡ።

ልጅቷ ስታየው ተደነቀች። በመጽሐፍ ላይ በሁለት የተከፈለ ጥምጥም ማየቷ ትዝ አላት፤ በዚያ ላይ ግን ገመዱ በቀለበቱ መሐል ተሻግሮ በዚያው ወገን ነው የሚቀጥለው። ይህን ልዩነት አላስተዋለችም፤ አሥር ቆጠረች፣ በቃት፤ በላስቲክ ሣጥን ከትታ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሰቀለችው። የአክስቷን እጅ ያላሞገሰችለት ጎረቤት አልቀረም። እትዬ ፖስታ በየደረጃው «ኧረ ምንም አይደለም» ሲሉ ዋሉ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን እውነት ተናግረው አያውቁም።

ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ሙከራው ተደረገ። ጥርስ ሐኪሟ በሯ ላይ ቆማለች፣ ልጅቷ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ ስልክ ይዛ አጠገቧ ናት፣ ላይ ሰዓት ሠሪው መምቻቸውን ተጫኑ። ደወሉ ጮኸ። እንዲያውም ሐኪሟ እንደምትለው ከወትሮው ጎላ ብሎ ጮኸ። ሐኪሟ ቁጣ አልጨመረችም፤ ብቻ እሑድ የሕንጻው ስብሰባ መሆኑን፣ የምሰሶው ነገር በዚያ እጅ ወጥቶ እንደሚወሰን አስታወቀች። በሕንጻው ውስጥ ምሰሶውን የሚደግፍ አንድ እጅ እንኳ እንደማይወጣ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ልጅቷ ጣሪያው ላይ ወጥታ ሣጥኑን ከፈተች፣ አሥር ቆጠረች፣ ዘጋች። መርፌው አሁንም እዚያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ቁጥር ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ቀለበቶቹን መርጬ አመጣሁ እንጂ ዓይነታቸውን አላረጋገጥኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለች። እትዬ ፖስታ ሻይ አቀረቡላት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሌላ አቀረቡላት። ኅሊናቸው ትንሽ ቆረቆራቸው፤ ግን ነገ አስር ሰዓት ይደርሳል ብለው አጽናኑት።

ዓርብ አስር ሰዓት ደረሰ። ጠቅጠቅታው የወትሮው አልነበረም፤ በፊደልና በፊደል መሐል እጅ የሚያመነታ ይመስል ነበር።

ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ምሰሶውን ራሴ አወርደዋለሁ፣ አለ። ለማንም አልነገርኩም። እሑድ በሰው ፊት ከሚወርድብኝ በገዛ እጄ ይውረድ። የታችዋ ልጅ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ መልኳ ጠፍቷል፤ እሷን ከዚህ በላይ ላሰቃይ አልፈልግም። ሃያ ሁለት ዓመት አንተን በየቀኑ ሳወራህ ኖሬ አሁን አስር ሰዓት ላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ከዚያ ዝም አለ። ይህ የወጥ ሠሪው ተራ ነበር፤ እትዬ ፖስታ ሁልጊዜ በእሱ ፈንታ የሚመልሱበት ጊዜ። ያን ቀን ግን የሚመልሱት አጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፦ እሳቸው ለመስማት ብለው የሚሰሙትን ሰው አፍ ሊያዘጉ ነው። ምሰሶው ቢወርድ ጠቅጠቅታው ይቀራል፤ ጥምጥሙ ቢስተካከልም ጠቅጠቅታው ይቀራል። በአንደኛው ግን ሰውዬው ወዳጃቸውን ያጣሉ፣ ልጅቷም አልቻልኩም ብላ ትኖራለች።

ለልጅቷ መንገር ነበረባቸው። ሦስት ጊዜ ጀመሩ። ሦስቱንም ጊዜ ያሞገሰቻቸው ሙገሳ አሳፈራቸውና ሻይ ልጨምርልሽ ወይ ብለው ጨረሱት።

ቅዳሜ ልጅቷ ለግማሽ ቀን ሥራ ስትገባ፣ እትዬ ፖስታ ፒንሳ በኪሳቸው ከተው ወደ ጣሪያው ወጡ። ከአራተኛ ፎቅ ጣሪያ ድረስ ሦስት ጊዜ አረፉ። ከምሰሶው ጫፍ ሣጥኑን አንጠልጥሎ የሚያወርድ ገመድና መዘውር አለ። መዘውሩ ቅባት ካየ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሲስቡት እንደሚታረድ ዶሮ ጮኸ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት፤ ዓይን ሲጨፈን ጩኸት የሚቀንስ ይመስል። ሣጥኑ ወረደ። ከፈቱት፤ ያቺ ያማረች ጥምጥማቸው እንደተሰለፈች ተቀምጣለች። ሁለተኛውን አምስት ዙር እየፈቱ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ ጥላ ወደቀባቸው።

«እትዬ» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ የቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ልብስ ላሰጣ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ዙሪያውን አዩ። ልብስ የለም፣ የልብስ ገመድም የለም። «የቱን ልብስ?»

«ገና አላጠብኩትም» አሉ እትዬ ፖስታ።

የሰዓት ሠሪው ፊት ተለወጠ። ዓይናቸው ከፒንሳው ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ተፈታው ገመድ ሄደ። ከሐኪሟ ጋር ኖረዋል ለካ፣ አሉ፤ እኔ በሾርባው ሰው መስለውኝ፤ እሑድ ድረስ እንኳ መታገስ አልቻላችሁም።

እትዬ ፖስታን ይህ አንገበገባቸው። «እኔ ነኝ ከሐኪሟ ጋር? እኔማ እስከ ስድስት ሰዓት፣ እርስዎ ሳያወርዱት ልጨርስ ብዬ ነው የምጣደፈው።»

ነፋስ የአንቴናውን ሽቦ አወዛወዘው። ሰዓት ሠሪው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስድስት ሰዓት ያለዎት ማነው?»

እትዬ ፖስታ ዝም አሉ። ዝምታ ግን አንዳንዴ ይነቅዛል። ሰዓት ሠሪው ለማን እንደነገሩ አሰቡ፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም በአፋቸው አይደለም። የአሮጊቷን ቅጽል ስም አሰቡ። ሾርባውን አሰቡ። ክው ብለው ውሃ ታንከሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጉልበትዎን ካመመዎት ጀምሮ።»

«ጉልበቴን ሁልጊዜ ነው የሚያመኝ።»

«እንግዲህ» አሉ እትዬ ፖስታ።

ሰዓት ሠሪው ሁለት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደው የላኩትን ሁሉ መልቀም ጀመሩ፤ ጆሯቸው ጫፍ ድረስ ቀላ። «የተዘጋ መስኮት የሚለውን...»

«ሰምቻለሁ።»

«አስማተኛ ያልኩትን...»

«ሰኞ ዕለት። ልጅቷን ያስደነገጣት እሱ ነው።»

«ሾርባው...»

«ጨዉ አሁን ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው በቀጭን ድምፅ።

ሊወቅሱ የመጡት ሰው ተወቃሽ ሆነው ቀሩ። እትዬ ፖስታም ይህን ሳይጠቀሙበት አላለፉም፤ ቀለበቶቹን አንስተው አስያዟቸው፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙ እያሉ አዘዟቸው። የአምስት ዙር ወዲህ አምስት ዙር ወዲያውን ተንኮል ያብራሩላቸው እየጠመጠሙ ነው። ሰዓት ሠሪው ገመዱን አገላብጠው አዩ፤ በሙያቸው ሰው ሆን ብሎ ያበላሸው ሰዓት ብዙ አይተዋል፣ እንደዚህ የጠራ ሥራ ግን አላዩም። ሊስቁ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ተዉት።

«ልጅቷስ?» አሉ። «ሁለት ቀን ቁጥር ስትሰርዝ እያዩ?»

እትዬ ፖስታ ስምንተኛው ዙር ላይ ነበሩ። እጃቸው ቆመ። ዘጠነኛውን አዞሩ፣ አሥረኛውን አዞሩ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን፣ ሣጥኑን ዘጉ። ከዚያ «ምሳ ላይ እነግራታለሁ» አሉ።

ነገሯትም። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ተነስታ እጇን ልትታጠብ ሄደች፤ እጇን ከመታጠብ በላይ ቆየች። ስትመለስ ወረቀት ስባ አንድ ቀለበት ሣለች፣ አምስት መስመር ወዲህ፣ አምስት መስመር ወዲያ፣ በመስመሮቹ ጫፍ ትንንሽ ቀስት። ቀስቶቹን አየቻቸው። ስሌቷ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር።

«እንባሽስ?» አለች።

«ሳቅ ነበር።»

«ምን ብለው ነው እንዲህ ያሳቁሽ?»

እትዬ ፖስታ የፈረሙትን ወረቀት ቃል በቃል ነገሯት፤ ግን ዛሬ እምቢ የሚሉበት ፊት አልነበራቸውም። «አስማተኛ ናት አሉኝ።»

ልጅቷ የሣለችበትን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተች። «አልተሳሳቱም» አለችና ሾርባዋን ቀጠለች። ከምሳው በኋላ ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ሳህኑን ግን አብራቸው አጠበች።

ሰባት ሰዓት ላይ ጥርስ ሐኪሟ በሯ ላይ ተጠርታ ቆመች። ሰዓት ሠሪው ላይ መምቻቸውን ተጫኑ። ደወሉ ዝም አለ። ልጅቷ በስልክ ይድገሙ አለች፤ ደገሙ፣ ዝም አለ። ሐኪሟ አላመነችም። ሰዎቹ ሬድዮውን ሳይከፍቱ የሚያታልሏት መሰላት። ወጥቼ በዓይኔ አያለሁ አለች፤ ግን ላይ ከወጣች ደወሉን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ የሬድዮው ወገን ያልሆነ፣ የማይዋሽ። ዙሪያዋን አይታ እትዬ ፖስታን መረጠች። እርስዎ እንኳ እውነተኛ ሰው ነዎት አለቻቸው፤ አደራ።

ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ሐኪሟና ልጅቷ ወደ ላይ ሲወጡ እትዬ ፖስታ ብቻቸውን ከደወሉ ጋር ቀሩ። ትንሽ ነጭ መጥሪያ ናት፣ ለጣት የተሠራች። ጣታቸውን አንዴ የበላቸው መሰላቸው፤ ጫን ቢያደርጉ ሕንጻው ሁሉ ይተራመሳል። ከልማዳቸው ሊላቀቁ አንድ ቀን አይበቃም። ጣታቸውን በሌላኛው እጃቸው ያዙና ቆሙ። ከላይ ሰዓት ሠሪው በሐኪሟ ፊት ረጅም ነገር እየላኩ ነበር፤ እትዬ ፖስታ ምን እንደሚሉ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አላወቁም። ደወሉ አልጮኸም። ሐኪሟ ወርዳ ስትጠይቃቸው እንዲሁ አሉ፣ እውነታቸውንም ነበር። እሷም የምሰሶው ጉዳይ ከእሑዱ ስብሰባ መውጣቱን ተናግራ በሯን ዘጋች።

አስር ሰዓት ላይ እትዬ ፖስታ ድምፅ ማጉያዎቹን ሰክተው ተቀመጡ። ምንም የለም። እንደ ተከደነ ድስት ዝም ብለዋል። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ አየቻቸው። ሥራዋ ሰመረ፣ ገመዱ ከውጭ ሞተ፣ መርፌው ወደቀ፤ ግን አክስቷ ጀርባ ላይ እንደዚያ ያለ ዝምታ አይታ አታውቅም። እጃቸውን ይዛ አስነሳችና ወደ አምስተኛው ፎቅ ይዛቸው ወጣች።

ሰዓት ሠሪው ጨዋታቸውን ጨርሰው ሬድዮውን ሊሸፍኑ ነበር። እትዬ ፖስታ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ቅድም በሐኪሟ ፊት ምን ብለው እንደላኩ ጠየቋቸው።

«ስለ እርስዎ ነው የነገርኩት» አሉ ሰዓት ሠሪው። «አሁን መልሱን ሰጠኝ።»

«ምን አለ?»

«የሚያልፈው ቃል የአሳላፊው አይደለም ብለው ፈርመው የለ? ምሳ ላይ የሆነውን ልጅቷ ነግራኛለች። ይጠይቁትና ይንገርዎት፤ መምቻው ይኸው፣ የሚጎድልዎት ፈቃድ ብቻ ነው።»

እትዬ ፖስታ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ልጅቷ ዓይኗን ወደ አሥራ ስድስቱ ሰዓቶች አሸሸች።

ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አብረው ሄዱ፣ እትዬ ፖስታም ለአማተር ሬድዮ ፈተና ተመዘገቡ።